ከድንኳኑ በፊት ያለው ቤት

በ2015 የካቲት የሰሜን ሶማሊያዋ ላስ አኖድ ከተማ በከባድ መሣሪያ ስትደበደብ፣ ነፍሳቸውን ያተረፉ ቤተሰቦች ድንበር ተሻግረው ወደ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ጎረፉ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቁጥራቸው ወደ 100 ሺህ ተጠጋ። ቦኽን የመሳሰሉት የድንበር ወረዳዎች በዚያን ጊዜ ለስደተኛ የተዘጋጀ መጠለያ ጣቢያ አልነበራቸውም። አካባቢው ራሱ በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ በተባለ ድርቅ ተመትቶ፣ አርብቶ አደሩ ከብቱን እየቀበረ የእርዳታ እህል የሚጠብቅበት ወቅት ነበር። መጪዎቹን የተቀበሏቸው ነዋሪዎቹ ናቸው። ቤት ያለው ቤቱን፣ ግቢ ያለው ግቢውን አጋራ፤ ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ሆኑ፤ ዘመድ ዘመዱን እየፈለገ ወሰደ። ሚርቃን የተባለው የስደተኞች መንደር የተዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በኢትዮጵያ ደጋግሞ ታይቷል። ሰው ከአገሩ ሲሰደድም ሆነ ከቀየው ሲፈናቀል መጀመሪያ የሚደርሰው ሰው ደጅ ነው። ድንኳኑ፣ የራሽን ካርዱና እህል የጫነው መኪና የሚመጡት ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። የእርዳታ ሥርዓቱ ደግሞ መቁጠር የሚጀምረው ሰውየው ካምፕ ገብቶ ሲመዘገብ ነው። ከዚያ በፊት በሰው ቤት የተበላው እህል፣ የተቀዳው ውኃና የተጣበበው ክፍል መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ተቀባዩ ማኅበረሰብ እንዴት ይቀበላል? እስከ መቼስ ይችላል? አቅሙ እንዳይሟጠጥ የሚረዳውስ ምንድን ነው? የዚህ ዳሰሳ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የጉዳዩ ስፋት ቀላል አይደለም። ኢትዮጵያ በዋናነት ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን አስጠግታለች፤ በአፍሪካ ብዙ ስደተኛ ከሚያስተናግዱ አገሮች ተርታ ናት። በ2016 ደግሞ በአገር ውስጥ ከቀያቸው የተፈናቀሉት ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 5.1 ሚሊዮን መፈናቀል ተመዝግቧል፤ እስከዚያ ድረስ በአንድ ዓመት በአንድ አገር ይህን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም። ከዚህ ሁሉ ሰው ጀርባ በሩን የከፈተ ሌላ ሰው አለ።

ትናንት ተሰዳጅ፣ ዛሬ ተቀባይ

የምሥራቁ ታሪክ የዚህ አቀባበል ሥር የት እንዳለ ያሳያል። በ1969 እና በ1970 በኦጋዴን ጦርነት ሳቢያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ሶማሌዎች ወደ ሶማሊያ ተሰደው ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ከሰማይና ከምድር ሲደበድብ ስደቱ አቅጣጫውን ቀየረ። የሐርጌሳ ሕዝብ በእግሩም በመኪናም ወደ ጅጅጋ በኩል ሸሸ። ሐርተ ሼክ ላይ የተቋቋመው ካምፕ በዘመኑ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ የተዘጋው በ1996 ነው። በዚያው አካባቢ ያለው ቀብሪ በያህ ካምፕ ግን ከ30 ዓመት በኋላም አለ። እዚያ ተወልደው፣ እዚያው ተምረው፣ እዚያው ወልደው የሚኖሩ ሰዎች ለከተማው ነዋሪ እንግዳም ጎረቤትም ናቸው።

በሱዳን ድንበርም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ያለው ኡም ራኩባ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት ቦታ ነበር። በኅዳር 2013 ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ተከዜን ሲሻገሩ ያው ቦታ እንደገና ተከፈተ። ያን ጊዜ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሱዳን ገባ። በሐምዳይት የድንበር ከተማ የነበሩ ሱዳናውያን፣ የእርዳታ ድርጅቶች እስኪደራጁ ድረስ፣ ማሽላቸውንና ጎጇቸውን አካፈሉ። ከሁለት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በሚያዝያ 2015፣ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ፈነዳና በመተማና በኩርሙክ በኩል የሚሻገሩት ሱዳናውያን ሆኑ።

ይህን የመሰለ የተቀባይነትና የተሰዳጅነት መፈራረቅ በድንበር ሕዝቦች ኑሮ ውስጥ ያልተጻፈ ውል ፈጥሯል። ዛሬ የሚያስጠጋው ሰው ነገ እሱም ሊሸሽ እንደሚችል ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ወላጆቹ ሸሽተው እንደነበር ሰምቶ አድጓል። ቋንቋው አንድ፣ ሃይማኖቱ አንድ፣ የጋብቻ ዝምድናው ድንበሩን የተሻገረ ሲሆን ደግሞ አቀባበሉ የበለጠ ይፈጥናል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በጳጉሜን 1961 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረመው የስደተኞች ስምምነት፣ ከግለሰብ መሳደድ አልፎ ከጦርነትና ከከባድ ሁከት የሚሸሸውን ሕዝብ በጅምላ እንደ ስደተኛ መቀበልን ሲደነግግ፣ የድንበሩ ሕዝብ በተግባር ሲያደርገው የኖረውን ነገር በሕግ ቋንቋ አስቀምጧል።

ከመዝገብ ውጪ ያለው አስተናጋጅ

ስደተኛውን ቢያንስ የሚቆጥረው አካል አለ። የአገር ውስጥ ተፈናቃይን ያስጠጋ ቤተሰብ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ደሴን ማንሳት ይቻላል። ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ከራያ ቆቦ፣ ከወልድያና ከአካባቢያቸው የሸሸው ሕዝብ ከተማዋን ሞላት። ትምህርት ቤቶች ማደሪያ ሆኑ። ወጣቶች በየሰፈሩ እንጀራና ልብስ እየሰበሰቡ አደረሱ፤ እድሮች ድስታቸውንና ሰሃናቸውን አወጡ፤ ብዙ ቤተሰብም ሳሎኑን ለማያውቀው ሰው ለቀቀ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ራሷ ሲደርስ ተቀባዩና ተፈናቃዩ አብረው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ ብዙዎቹም ደብረ ብርሃን ገቡ። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከወለጋ ለተፈናቀሉ ሰዎች ቻይና ካምፕ በሚባለው ግቢና በሌሎች ጣቢያዎች መጠለያ ሆና ቆይታለች።

መቀሌም፣ ሽሬም፣ አድዋም የምዕራብ ትግራይን ተፈናቃይ በትምህርት ቤቶቻቸውና በነዋሪው ቤት አስተናግደዋል። ለዚያ የሰጡት ዋጋ ግልጽ ነው። መጀመሪያ በወረርሽኝ ኋላም በጦርነት የተዘጋው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲታሰብ የመማሪያ ክፍሉ የቤተሰብ መኖሪያ ሆኖ ተገኘ። የከተማው ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ፣ የተፈናቃዩን ልጅ ወዴት ማውጣት ይቻላል? ወላጅም መምህርም የከተማ አስተዳደርም ለዚህ ጥያቄ ቀላል መልስ አልነበራቸውም።

በምሥራቅ በኩል በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ የተነሳው ግጭት ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፈናቀለ። ሐረር አጠገብ ሐማሬሳ፣ ባቢሌ አካባቢ ቆሎጂ የተፈናቃይ መጠለያዎች ሆኑ። የኦሮሚያ ክልል ብዙዎቹን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉና በሌሎች ከተሞች ሲያሰፍር የቡሳ ጎኖፋን ባህል የተመረኮዘ መዋጮ በየቦታው ተካሄደ። ለተቸገረ ወገን ከብትና እህል አዋጥቶ መልሶ ማቋቋም የቆየ የኦሮሞ ሥርዓት ነውና፣ ሕዝቡ መዋጮውን እንደ አዲስ ግብር አላየውም።

የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ታሪክ ደግሞ አስተናጋጁ እንዴት እንደሚዘነጋ በግልጽ ያሳያል። በ2010 ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ። ጌዴኦ ቡናና እንሰት የሚበቅልባት፣ መሬቷ ጠባብ፣ ሕዝቧ እጅግ የተጠጋጋ ዞን ናት። በነሐሴ መንግሥት ተፈናቃዩ ወደ ቀየው እንዲመለስ ወሰነ፤ እርዳታውም ወደ ተመላሽ ቀበሌዎች ዞረ። ስጋቱ ያልለቀቃቸው ሰዎች ግን ወደ ጌዴብ ወረዳ ተመልሰው ገቡ። ጎቲቲ ላይ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በላስቲክ ቤትና በነዋሪው ግቢ ለወራት ያለ በቂ እርዳታ ኖሩ። በ2011 መጋቢት የሕፃናቱ ረሃብ የዜና ርዕስ እስኪሆን ድረስ ያቆዩአቸው፣ ከእንሰታቸው እየፋቁ ቆጮ ያካፈሏቸው የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። እንሰት ደርሶ ለመቆረጥ ዓመታት የሚፈልግ ተክል ነው። በአንድ ክረምት ለእንግዳ የተቆረጠው ጓሮ ለሚቀጥሉት ዓመታት የባለቤቱን ማዕድ ያጎድላል።

አንድ ቤት በቅርበት ሲታይ

አምስት ሰው ይኖርበት የነበረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስድስት ወይም ሰባት ሰው ሲጨመርበት የሚለወጠው ብዙ ነው። በየሦስት ቀኑ ይጋገር የነበረው እንጀራ በየቀኑ ይጋገራል፤ የጤፉ ከረጢት በወሩ አጋማሽ ያልቃል፤ ማሽላ ወይም በቆሎ ይደባለቅበታል። ቀድሞ በቀን ሁለት ጄሪካን የሚበቃው ቤት አምስት ጄሪካን ይፈልጋል፤ ቦኖው ጋ የሚቆመው ሰልፍም ይረዝማል። ልጆች በአንድ ፍራሽ ላይ ተጋድመው ያድራሉ፤ ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ ይሆናሉ። የሱቁ ዱቤ መዝገብ ላይ የባለቤቱ ስም ደጋግሞ ይጻፋል። ሊከራይ የታሰበው ሰርቪስ ለእንግዳ ይሰጥና የወር ገቢው ይቀራል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ይሞላል።

ጫናው ሁሉም ላይ እኩል አያርፍም። በአብዛኛው የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። ውኃ ቀጂዋ፣ እንጨት ለቃሚዋ፣ ጋጋሪዋና ሕፃን ጠባቂዋ ያችው ሴት ናት። ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርታ እናቷን የምታግዝበት ቤት ጥቂት አይደለም። ተፈናቃይዋ ሴትም ዝም ብላ አትቀመጥም፤ ትፈጫለች፣ ታጥባለች፣ ጉልት ወጥታ ትሸጣለች። በብዙ ቤት የእንግድነቱ ኑሮ የሚዘልቀው ሁለቱ ሴቶች ሥራውን ተካፍለው ስለያዙት ነው።

አበው እንግዳን ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም መዳብ ይሉታል። አነጋገሩ ጭካኔ የለበትም፤ የጓዳን ልክ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው። ስድስት ወር ያለ እርዳታ የቆየ አስተናጋጅ ሲደክመው ክፉ ሆነ ማለት አይደለም። እንግዳው በአብዛኛው ቀድሞ ይረዳውና ራሱ ይወጣል፤ ወደ ኪራይ ቤት፣ ወደ ካምፕ፣ አንዳንዴም ወደ ጎዳና።

ማን ያተርፋል፣ ማን ይጎዳል

ስደተኛ የገባበት አካባቢ ሁሉ ይደኸያል የሚለው አስተሳሰብም፣ ሁሉም ይጠቀማል የሚለውም ከመረጃው ጋር አይስማማም። በሰፊው ከተጠኑት አንዱ የታንዛኒያው የካጌራ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ1994 ከብሩንዲና ከሩዋንዳ የሸሸ እጅግ ብዙ ሕዝብ ካጌራን አጥለቀለቀ። ተመራማሪዎች በኋላ የነዋሪውን ኑሮ ሲመረምሩ፣ የሚሸጥ ሰብል ያለው ገበሬ የምግብ ዋጋ በመናሩ እንደተጠቀመ፣ በቀን ሥራ የሚተዳደረው ደሃ ግን ከስደተኛው ጋር ለአንድ የሥራ ዕድል እየተሻማ ደሞዙ እንደወረደበት አገኙ።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ዶሎ አዶ፣ ጋምቤላና ጅጅጋ አካባቢ ካምፕ ሲከፈት የጭነት መኪና ባለቤት፣ የባጃጅ ሹፌር፣ የጅምላ ነጋዴና ቤት አከራይ ገበያ ይደራላቸዋል። ስደተኛው ከራሽኑ የሚሸጠው ዘይትና ስንዴ ለነዋሪው በርካሽ ይደርሳል። ካምፑ ውስጥ ለሠራተኛ የሚከፈለው ደሞዝም በከተማው ይሽከረከራል። በአንጻሩ የቀን ሠራተኛው፣ ከሰል ሻጩና ኪራይ ከፋዩ ይጎዳሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌዎች በብዛት የሚኖሩበት ቦሌ ሚካኤልና ኤርትራውያን የሚበዙበት ጎፋ መብራት ኃይል ይህን በደንብ ያውቁታል። ከውጭ ዘመድ የሚላክለት ስደተኛ የተሻለ ኪራይ ሲከፍል አከራዩ ይደሰታል፤ ደሞዝተኛው ኢትዮጵያዊ ተከራይ ግን ወደ ዳር ይገፋል። ሁለቱም እዚያው ሰፈር የሚኖሩ «ተቀባዮች» ናቸው፤ ጥቅማቸው ግን ለየቅል ነው። ስለ ተቀባይ ማኅበረሰብ በነጠላ የሚናገር እቅድ ይህን ልዩነት ይስታል።

ከሁሉ የሚብሰው ግጭት የሚነሳው በማገዶ ነው። ራሽን ስንዴም ሆነ ማሽላ ይሰጣል፤ ማብሰያውን ግን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ሴቶች ወደ ጫካ ይወጣሉ፤ ጫካው የአካባቢው ሰው የግጦሽ፣ የማርና የቤት ክዳን ምንጭ ነው። ዱላ የሚነሳው፣ ሴቶች የሚደፈሩትም በዚያ መንገድ ላይ ነው። በቀብሪ በያህ ጋያ ማኅበር የተባለ አገር በቀል ድርጅት ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት በሚገኝ ኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለስደተኛ ቤተሰቦች አከፋፍሎ የእንጨት ለቀማውን ቀንሷል። ምድጃው ነዳጁ እስከቀረበ ድረስ ይሠራል፤ አቅርቦቱ ሲቋረጥ ሴቶቹ ወደ ጫካው ይመለሳሉ።

ጋምቤላ፦ ዝምድናና ስጋት

ጋምቤላ የዚህ ጥያቄ ከባድ ፈተና የሚታይባት ክልል ናት። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ወደ 307 ሺህ ነበር። በታኅሣሥ 2006 ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ በኋላ የገባውና ከዚያ በፊት የነበረው ስደተኛ ተደምሮ በቅርብ ዓመታት ከዚህ ቁጥር በላይ ሆኗል። ቴርኪዲና ኩሌ የተባሉት ካምፖች በ2006 ተከፈቱ። ሌይችዎር የተባለው ካምፕ በዚያው ዓመት ክረምት በጎርፍ ተዋጠና ስደተኞቹ በ2007 ወደ ጀዊ ተዛወሩ።

ኑዌሮች በድንበሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ አንድ ሕዝብ ናቸው። ለኢትዮጵያዊው ኑዌር የሚመጣው ስደተኛ የአክስት ልጅ ነው። ለአኙዋው ግን ያው እንግዳ በገዛ ምድሩ ላይ የቁጥር ሚዛንን የሚያዛባ ነው፤ መሬት፣ የወንዝ ዳር እርሻ፣ የምክር ቤት ወንበርና ሥራ አብረው ይታሰቡታል። ከደጋ የሄደው ነጋዴና መምህር ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት። በሚያዝያ 2008 ጀዊ አካባቢ በአንድ የእርዳታ ድርጅት መኪና ሁለት የስደተኛ ሕፃናት ተገጭተው ሲሞቱ፣ ቁጣው በካምፑ በሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ወርዶ የብዙዎች ሕይወት ጠፋ። ቁጣው ጋምቤላ ከተማም ደረሰ። ከዚያ ጥቂት ቀናት በፊት ከደቡብ ሱዳን የመጡ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ወስደው ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ተቀባዩም ስደተኛውም ልጆቻቸውን ቀብረዋል።

ዝምድና በሩን ይከፍታል፤ ለዘለቄታው ጎረቤታሞችን የሚያኗኑረው ግን የመሬትና የውክልና ጥያቄ በግልጽ ሲመለስ ነው። ካምፕ የሚሠራበትን ቦታ የሚመርጠው አካል ያን መሬት የሚያርሰውን ወይም የሚያሰማራውን ቀበሌ ቀድሞ ካላማከረ፣ በኋላ የሚሠራው ትምህርት ቤት ቅሬታውን አያጠፋውም። በጋምቤላ የሽማግሌዎችና የወጣቶች የጋራ የሰላም ኮሚቴዎች በየካምፑ መቋቋማቸው የሚበጀው ለዚህ ነው፤ አንድ ፍየል ጠፋ ሲባል ነገሩ ወደ ጎሳ ግጭት ከማደጉ በፊት የሚጠየቅ ሰው ይኖራል።

በአማራ ክልል ያለችው መተማ ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥታለች። ከሱዳን የመጡት ስደተኞች በሰፈሩባቸው በኩመርና በአውላላ ካምፖች ዙሪያ የክልሉ የትጥቅ ግጭት ሲስፋፋ ዘረፋና ጥቃት በዛ። በሚያዝያ 2016 ከአንድ ሺህ በላይ ስደተኞች ካምፕ ለቀው በእግር ወጡ፤ ብዙዎቹም በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ለወራት ቆዩ። የመተማ ገበሬም በዚያው ወቅት በእገታና በተኩስ ውስጥ ነበር። ራሱ ተረጋግቶ የማያድር ማኅበረሰብ ለእንግዳ ዋስትና እንዲሆን መጠበቅ አይቻልም።

ሕጉ የፈቀደው

ኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ስደተኛን በካምፕ ውስጥ ብቻ ታኖር ነበር። በ2002 ለኤርትራውያን ከካምፕ ውጪ የመኖር ፈቃድ ሲሰጥ የመጀመሪያው ቀዳዳ ተከፈተ፤ ቅድመ ሁኔታው ወጪያቸውን የሚሸፍንላቸው ዘመድ ወይም ወዳጅ መኖሩ ነበር። በመስከረም 2009 በኒው ዮርክ በተካሄደው ጉባኤ አገሪቱ ዘጠኝ ቃል ኪዳኖች ገባች። ሥራ፣ ትምህርት፣ የመስኖ መሬት፣ ከካምፕ ውጪ መኖርና የልደት ምዝገባ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። በጥቅምት 2010 የስደተኞች የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ተጀመረ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ የመንቀሳቀስ፣ የመሥራት፣ የመማር፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትና የመንጃ ፈቃድ የማግኘት መብትን አካተተ።

ለተቀባዩ ማኅበረሰብ ደግሞ ሁለት መንገዶች ተዘረጉ። አንደኛው ለስደተኛ ከሚመጣው እርዳታ አንድ አራተኛው ለአካባቢው ነዋሪ እንዲውል የሚጠይቀው አሠራር ነው። ሁለተኛው የዓለም ባንክ በ2008 ያጸደቀው፣ ለኢትዮጵያ 100 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ፕሮጀክት ሲሆን ስደተኛ በሰፈረባቸው ወረዳዎች ለሚኖሩ ነዋሪዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ የውኃ ተቋምና መተዳደሪያ ለመሥራት የታሰበ ነበር። ዩጋንዳ በበኩሏ 30 በመቶውን ለነዋሪው ታደርጋለች፤ ለስደተኛም የሚያርሰው ቁራሽ መሬት ትሰጣለች። እዚያም ቢሆን ስደተኛው በበዛ ቁጥር ቁራሹ እየጠበበ መጥቷል።

ችግሩ መቶኛው የሚለካበት መንገድ ነው። የአንድ ድርጅት ሪፖርት ሁለት መማሪያ ክፍልና አንድ የእጅ ፓምፕ ተሠራ ሲል ድርሻው ተከፈለ ይባላል። ክፍሉ መምህር፣ ፓምፑ መለዋወጫ፣ ጤና ኬላው መድኃኒት እንደሚፈልጉ የሚያውቀው ወረዳ ግን ለዚያ የሚሆን የዓመት በጀት የለውም። ተፈናቃይን ያስጠጋው ቤተሰብ ደግሞ በዚህ አሠራር ውስጥ ጨርሶ አይታይም፤ አሠራሩ ለስደተኛ ካምፕ የተቀየሰ ነውና። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነት፣ አስፈላጊ ሲሆን እርዳታው ተፈናቃይን ለሚያስተናግደው ማኅበረሰብም እንዲደርስ ይላል። በደሴ፣ በጌዴብና በመቀሌ በቤታቸው ያስተናገዱ ሰዎች ይህን አንቀጽ ሲተገበር አላዩትም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሠራው ነገር

ሁሉም ነገር ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ ላይ መጀመሪያ ለስደተኛው ውኃ የሚቀርበው በቦቴ ነበር፤ ዋጋው ውድ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ የከተማው ሰው ደግሞ ቦቴውን በዓይኑ እየሸኘ ከባሮ ወንዝ ይቀዳ ነበር። በዩኒሴፍና በአጋሮቹ የተዘረጋው ቋሚ የውኃ መሥመር ከጥልቅ ጉድጓዶች ስቦ ለኢታንግ ከተማ፣ ለቴርኪዲ፣ ለኩሌና ለንጉኝዬል ካምፖች፣ በጠቅላላው ከ200 ሺህ በላይ ለሆነ ሕዝብ ያደርሳል። የሚያስተዳድረው የኢታንግ ከተማ የውኃ አገልግሎት ነው። በአንድ ቧንቧ የሚጠቀሙ ሰዎች ቧንቧው ሲበላሽ አብረው ይጠማሉ፤ ሲጠገንም አብረው ይጠጣሉ። የተቋሙ ባለሙያ ተጠሪነቱ ለከተማው ስለሆነ አንድ ድርጅት ፕሮጀክቱን ጨርሶ ሲወጣ ሥራው አብሮ አይወጣም።

ዶሎ አዶ አካባቢ ባሉት አምስቱ ካምፖች የተሠራው ሥራም ይጠቀሳል። በ2003 ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ ሲገባ ቆቤ፣ ሂላዌይንና ቡራሚኖ በተከታታይ ተከፈቱ፤ ከመልካዲዳና ከቦቆልማዮ ጋር ሆነው ውለው አድረው ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያዙ። የኢኬያ ፋውንዴሽን በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አወጣበት። ከገናሌ ወንዝ የሚስብ መስኖ ተዘረጋና ስደተኛውና ነዋሪው በአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ሆነው ሽንኩርት፣ ቲማቲምና በቆሎ ያመርታሉ። መሬቱ የነዋሪው፣ ጉልበቱ የሁለቱም፣ ምርቱ የጋራ ነው። የከብት ንግድና የፀሐይ ኃይል ማኅበራትም ተቋቁመዋል። የፓምፕ ነዳጅ፣ መለዋወጫና የገበያው ርቀት ግን ገበሬዎቹን ይፈትኗቸዋል፤ የመስኖው እርሻም ከስደተኛው ጥቂቱን ብቻ ያቅፋል፤ አብዛኛው ዛሬም ራሽን ጠባቂ ነው።

በትምህርት በኩል የስደተኛና የነዋሪ ልጆች በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩባቸው ቦታዎች አሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከ20 ዓመት በላይ ስደተኛ ተማሪዎችን ተቀብለዋል። ከእነዚህ መካከል ተመርቀው ካምፕ ውስጥ መምህርና ነርስ ሆነው የሚሠሩ አሉ፤ የነዋሪው ልጅ የሚታከምበትን ጤና ጣቢያ የሚያንቀሳቅሱትም አንዳንዴ እነሱ ናቸው።

እነዚህ ምሳሌዎች የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። አገልግሎቱ የተሠራው ለሁለቱም ነው፤ የሚመራው በአካባቢው ተቋም ነው፤ የጀመረው ድርጅት ቢወጣም የሚቀጥልበት መንገድ ታስቦለታል።

አሁን ያለው አደጋ

እነዚህ ሥራዎች ያረፉበት መሠረት እየሳሳ ነው። በ2015 ሰኔ የእርዳታ እህል ወደ ሌላ መዋሉ ተደርሶበት የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለስደተኞች ጭምር እደላውን አቆመ፤ እስከ 2016 መጀመሪያም አልቀጠለም። ጥፋቱን ያልፈጸሙት ስደተኞች ለወራት የኖሩት በብድር፣ በቀን ሥራና በጎረቤት ምጽዋት ነው። በ2017 የአሜሪካ እርዳታ ሲቀነስ በየካምፑ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ተዘጉ። በ2018 ጥቅምት ደግሞ የ780 ሺህ ስደተኞች ራሽን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ወረደ። የጎደለው በሙሉ የሚሸጋገረው ወደ ጎረቤቱ ማገዶ፣ ወደ ጎረቤቱ እርሻና ወደ ጎረቤቱ ድስት ነው። ራሽን በተቀነሰ ቁጥር አስተናጋጁም ሳይታወቅ የእርዳታ ሰጪን ቦታ ይይዛል።

መንግሥት ካምፖችን ቀስ በቀስ ወደ መደበኛ መንደርነትና ከተማነት የማካተት ሐሳቡን «ማካተት» በሚል ስም ይዞ ተነስቷል። የሐሳቡ አቅጣጫ ትክክል ነው፤ በትይዩ የቆሙ ሁለት ክሊኒኮችና ሁለት ትምህርት ቤቶች የማንንም አቅም አይመጥኑም። ገንዘብ የጎደለበት ማካተት ግን በደሃ ወረዳ ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም ከመጫን አያልፍም። የቴርኪዲ ትምህርት ቤት ወደ ወረዳው ሲዛወር የመምህሩ ደሞዝ በፌዴራል ድጎማ ቀመር ውስጥ አብሮ መግባት አለበት፤ የድጎማው ስሌትም በ1999 በተቆጠረው ነዋሪ ላይ ብቻ ሳይመሠረት፣ በዚያ ወረዳ በእርግጥ የሚኖረውን ሰው ሁሉ መቁጠር ይኖርበታል።

በተፈናቃይ በኩል ደግሞ የሚቀድመው ሥራ ቀላልና ርካሽ ነው። ቀበሌ ተፈናቃይን ሲመዘግብ የሚያስተናግደውን አባወራ ወይም እማወራ ስም በዚያው ቅጽ ላይ ይጻፍ። ጥሬ ገንዘብም ሆነ ስንዴ ሲታደል ለዚያ ቤት ድርሻ ይታሰብለት፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲከፋፈልም ጓሮውን ለእንግዳ የቆረጠው ገበሬ ቅድሚያ ያግኝ። እድሮችና የሰፈር ኮሚቴዎች ማን ማንን እንዳስጠጋ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ቢሮዎች ይህን እውቀት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መጠቀም ይችላሉ። ይህ እስካልተደረገ ድረስ በሚቀጥለው ግጭት ወይም ድርቅም በሩን የሚከፍተው ያው ደሃ ቤተሰብ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን ጎተራው ካለፈው ጊዜ ያነሰ ነው።